የተመላላሽ ታካሚን እርካታ በምን እንለካ? ጅማ ላይ ሆኖ መንገድ ለመምረጥ

የጤና ጣቢያ ኃላፊ ከሆናችሁ፣ ሆስፒታል ውስጥ በጥራት ክፍል የምትሠሩ ከሆነ፣ የግል ክሊኒክ ከከፈታችሁ ወይም የመመረቂያ ጽሑፍ ርዕስ ከያዛችሁ፣ ይህ ጥያቄ አንድ ቀን ይመጣባችኋል። ተመላላሽ ታካሚዎቻችን ረክተዋል ወይ? ለማወቅ ብዙ መንገድ አለ። በር ላይ ቆሞ መጠየቅ፣ ስልክ መደወል፣ ወረቀት ማደል፣ ሳጥን መስቀል፣ የቀበሌውን ነዋሪ ሰብስቦ ማወያየት። ሁሉም የእርካታ ጥናት ይባላሉ። የሚሰጡት ቁጥር ግን ለየቅል ነው። እንዲያውም ከሁሉ ከፍ ያለ እርካታ የሚያሳየው መንገድ ብዙ ጊዜ ከሁሉ ደካማው ነው።

ስለዚህ መንገድ ከመምረጣችሁ በፊት ቁጥሩን ምን ልታደርጉበት እንደሆነ ወስኑ። ሪፖርት ላይ ሊሞላ ነው? የካርድ ክፍሉን ወረፋ ልታስተካክሉበት ነው? ታካሚው ለምን ወደ ሌላ ክሊኒክ እንደሄደ ልትደርሱበት ነው? ለያንዳንዱ የሚስማማው መንገድ ይለያያል። ለሁሉም የሚሆን አንድ መጠይቅ አለኝ የሚላችሁን ሰው አትመኑት።

“አልሐምዱሊላህ” ስንት ነጥብ ነው?

ስለ መንገዶቹ ከማውራታችን በፊት ስለሚጠየቀው ሰው እናውራ። ከጅማ አጠገብ ካለው የዴዶ ወረዳ ጎህ ሳይቀድ ተነስተው የመጡ አንዲት እናት አሉ እንበል። ካርድ አወጡ። ወረፋ ጠበቁ። ሐኪም አያቸውና ላብራቶሪ ላካቸው። ውጤቱን ይዘው ተመለሱ። መድኃኒት ተጻፈላቸው፤ ግማሹን “ከውጭ ይግዙ” ተባሉ። ሲወጡ ነጭ ጋዋን የለበሰ ልጅ ያስቆማቸዋል። “እማማ፣ ባገኙት አገልግሎት ረክተዋል?” ይላቸዋል። “አልሐምዱሊላህ፣ ጌታ ይስጣችሁ ልጄ” ይላሉ። ልጁም “በጣም ረክቻለሁ” የሚለው ላይ ምልክት ያደርጋል። አምስት ከአምስት።

እሳቸው አልዋሹም። አመሰገኑ እንጂ። ላያቸው ሰው በፊቱ ክፉ መናገር ነውር ነው። ደግሞ የሚቀጥለው ወር ቀጠሮ አላቸው፤ ይቀየሙኛል ብለው ይሰጋሉ። ያገኙትንም የሚመዝኑት ከጠበቁት ጋር ነው። ትንሽ የጠበቀ ሰው በትንሹ ይረካል። ስለዚህ “ረክተዋል ወይ?” የሚለው ጥያቄ ብቻውን ስለ ተቋሙ ከሚነግራችሁ ይልቅ ስለ ሰውየው ጨዋነት የሚነግራችሁ ይበልጣል።

መፍትሔው ስሜቱን ትቶ የሆነውን መጠየቅ ነው። “ምን እንደታመሙ ተነገረዎት?” “መድኃኒቱን በቀን ስንት ጊዜ ነው የሚወስዱት? ይንገሩኝ እስቲ።” “የታዘዘልዎትን ሁሉ እዚሁ አገኙ?” “ሲመረመሩ ሌላ ታካሚ ክፍሉ ውስጥ ነበር?” እነዚህን በምስጋና መመለስ አይቻልም። ወይ ተነግሯቸዋል ወይ አልተነገራቸውም። አሜሪካኖቹ እ.ኤ.አ. በ1995 የጀመሩት ካፕስ የሚባለው የመጠይቅ ቤተሰብ የቆመው በዚሁ ሐሳብ ላይ ነው። ታካሚው ምን አጋጠመው ነው የሚለው፤ ደስ አለው ወይ የሚለው ከዚያ በኋላ ነው የሚመጣው። እናንተም አጠቃላይ የእርካታ ጥያቄ ከፈለጋችሁ አንድ ብቻ ይበቃችኋል፤ እሷንም መጨረሻ ላይ አድርጓት።

ከዚህ በታች የትኛውንም መንገድ ብትመርጡ ይህን ካላስተካከላችሁ ልዩነት አያመጣም።

በር ላይ ወይስ በስልክ?

አብዛኛው ሰው በመጨረሻ የሚፋጠጠው ከእነዚህ ከሁለቱ ጋር ነው።

የመውጫ ቃለ መጠይቅ፣ ማለትም ታካሚው ጨርሶ ሲወጣ ይዞ መጠየቅ፣ ትልቁ ጥቅሙ ታክሞ ከሚወጣው ማንም አይቀርበትም። ማንበብ የማይችል ይጠየቃል። ስልክ የሌለው ይጠየቃል። እምቢ የሚል ጥቂት ነው። ነገሩም ትኩስ ነው፤ ስንት ሰዓት እንደጠበቀ፣ ማን ምን እንዳለው ገና አልረሳም። ጅማ ላይ ደግሞ ጠያቂ አይጠፋም። ዩኒቨርሲቲው ማኅበረሰብ ተኮር ትምህርትን መርሁ አድርጎ የኖረ ስለሆነ ተማሪዎቹ መጠይቅ ይዞ መውጣትን ለምደውታል።

ችግሩም ከዚሁ ይጀምራል። ጅማ ውስጥ መጠይቅ የያዘ ተማሪ ያላንኳኳው በር የለም ብል ብዙም አላጋነንኩም። ሰው ለምዶታል፤ ቶሎ የሚገላግለውን መልስም ያውቃል። “ጥሩ ነው፣ ጥሩ ነው፣ ጥሩ ነው” ብሎ ወደ መኪናው ይሮጣል። የአጋሮ መኪና አይጠብቅማ።

በር ላይ መጠየቅን ከመረጣችሁ ውጤቱን የሚያበላሹትን እነዚህን ነገሮች አስተካክሉ።

መጀመሪያ፣ ጠያቂው የተቋሙ ሠራተኛ አይሁን። ካርድ ክፍል ስትሠራ የታየች ልጅ ከሰዓት መጠይቅ ይዛ ብትመጣ የምታገኘው ምስጋና ብቻ ነው። ተማሪ ከሆነም ጋዋኑን ያውልቅ። ይቺ ነገር ትንሽ ትመስላለች፤ ግን በጋዋንና በሹራብ የሚሰጠው መልስ አንድ አይደለም።

ሁለተኛ፣ ቦታው። ብዙዎች ከሐኪሙ ክፍል በር ላይ ይጠይቃሉ። ታካሚው ግን ገና አልጨረሰም። መድኃኒቱ ይኑር አይኑር አላወቀም። ጅማ ላይም ሆነ ሌላ ቦታ፣ ምሬቱ የሚመጣው ብዙውን ጊዜ ፋርማሲው መስኮት ላይ ነው። ስለዚህ መጠየቂያው ከፋርማሲው በኋላ፣ ከግቢው መውጫ አጠገብ ይሁን። ክረምት ከሆነ ግን ጣራ ያለው ቦታ ፈልጉ። የጅማን ዝናብ የሚያውቅ ሰው ለምን እንደምል ይገባዋል። ዝናብ ላይ ቆሞ የሃያ ጥያቄ መልስ የሚሰጥ የለም። እስኪያባራ የተጠለለ ሰው ግን እንዲያውም ጊዜ አለው።

ሦስተኛ፣ ቋንቋው። ከተማው ውስጥ አማርኛ ይሠራል። ከገጠር ወረዳዎቹ የሚመጣው ሰው ግን በአብዛኛው አፋን ኦሮሞ ተናጋሪ ነው። ከዳውሮ፣ ከከፋና ከየም የሚመጣም አለ። መጠይቁ በአማርኛ ተጽፎ ጠያቂው እዚያው በቃሉ እየተረጎመ የሚጠይቅበትን አሠራር ተዉት። አንዱ ጠያቂ “አክብረውዎታል?” ሲል ሌላው “ጥሩ ናቸው አይደል?” ይላል። አስቀድማችሁ አስተርጉሙ። ሌላ ሰው መልሶ ወደ አማርኛ ይተርጉመው። ሁለቱን አስተያዩ። ከዚያ በጥቂት ታካሚዎች ላይ ሞክሩት።

በር ላይ መጠየቅ የማይፈታው አንድ ጉዳይ አለ። ወረፋው ሰልችቶት ሳይታከም የሄደው ሰው፣ ባለፈው ወር ተናዶ ዳግመኛ ያልመጣው ሰው በር ላይ የለም። የምትጠይቁት የታገሰውን ብቻ ነው።

ስልክ እዚህ ላይ ይረዳል። ቤቱ የገባ ሰው ደፋር ነው። ጋዋን አያይም። መድኃኒቱን ጀምሯል፤ ተሻለው አልተሻለው አውቋል፤ ከውጭ ግዛ የተባለውንም በስንት እንደገዛው ያውቃል። ስለዚህ ከሦስት ቀን እስከ አንድ ሳምንት ባለው ጊዜ ውስጥ ብትደውሉ ጥሩ ነው። ከሁለት ሳምንት ካለፈ ዝርዝሩ ይጠፋዋል።

ስልክ የራሱ ጣጣ አለው። ካርድ ላይ የተጻፈው ቁጥር ብዙ ጊዜ የታካሚው አይደለም። የልጅ ነው፣ የባል ነው፣ አንዳንዴም የጎረቤት ነው። በጣም የምጠነቀቅበት ነገር ይኸው ነው። “ሄሎ፣ ከጤና ጣቢያ ነው” ማለት ብቻውን ምስጢር ማውጣት ሊሆን ይችላል። ለቤተሰብ ምጣኔ፣ ለቲቢ ወይም ለኤችአይቪ ክትትል የመጣ ሰው እዚያ መሄዱን ለባሉም ለልጁም ላይናገር ይችላል። ስለዚህ ያለ ፈቃድ አትደውሉ። ፈቃዱን እዚያው በመጣበት ቀን ጠይቁ። “ብንደውልልዎ ይፈቅዳሉ? ስልኩን የሚያነሳው ማን ነው? በስንት ሰዓት ይመችዎታል?” መልሱን ጻፉ። ሌላ ሰው ካነሳ “ቆይቼ እደውላለሁ” ብላችሁ ዝጉ፤ ከየት እንደደወላችሁ አትናገሩ። በረመዳን ደግሞ በማፍጠሪያ ሰዓት አትደውሉ። ደውላችሁ የምታገኙት ቁጣ ስለ ጤና ጣቢያው ምንም አይነግራችሁም።

ስልክ ሌላም ያዳላል። ስልክ ያለው፣ ኔትዎርክ ያለበት፣ ቻርጅ የሚያገኝ ሰው ነው የሚመልሰው። ከተማ ይበዛበታል፣ ወንድ ይበዛበታል።

እኔ የትኛውን እመርጣለሁ? ለመንግሥት ጤና ጣቢያና ለሆስፒታል ተመላላሽ ክፍል መሠረቱ በር ላይ መጠየቅ ይሁን። ለስኳርና ለደም ግፊት ክትትል የሚመላለሱትን ግን በስልክ። እነዚህ ሰዎች ከተቋሙ ጋር የዓመታት ግንኙነት ስላላቸው በር ላይ ፈጽሞ አይከፉባችሁም። አቅም ካላችሁ በር ላይ ከጠየቃችኋቸው ውስጥ ጥቂቱን ከሳምንት በኋላ ደውላችሁ ያንኑ ጠይቁ። ሁለቱ መልሶች በጣም ከተራራቁ የስልኩን እመኑ።

ሳጥን፣ ወረቀትና ጽሑፍ መልእክት

ሐሳብ መስጫ ሳጥን መለኪያ አይደለም። ሳጥን ውስጥ ወረቀት የሚከተው ወይ በጣም የተናደደ ወይ በጣም ያመሰገነ ሰው ነው፤ ያውም መጻፍ የሚችል። ከሳጥን ፐርሰንት ማውጣት ከንቱ ነው። ግን አታንሱት። ገንዘብ የተጠየቀ፣ የተሰደበ፣ ያላግባብ የተነካ ሰው ለጠያቂ የማይናገረውን እዚያ ይጽፈዋል። ቁልፉ በኃላፊው እጅ ብቻ አይሁን፤ በየሳምንቱ ይከፈት። ከወር በላይ ተከፍቶ የማያውቅ ሳጥን ከሌለ ይሻላል።

ታካሚው ራሱ የሚሞላው ወረቀት ለግል ክሊኒክና ለከተማ ሰው ይሠራል። ጠያቂ ስለሌለ ይሉኝታው ይቀንሳል። ለገጠሩ አይሆንም። በጽሑፍ መልእክት ወይም በቴሌግራም ሊንክ መላክ ርካሽ ነው። የሚመልስላችሁ ግን ወጣትና የተማረ ብቻ ነው። ለተማሪዎች ክሊኒክ ካልሆነ በቀር ዋና መለኪያችሁ አታድርጉት።

ታካሚ መስሎ ሰው መላክም አለ። ለመድኃኒት መሸጫ ያስኬዳል። ወረፋ በበዛበት ተመላላሽ ክፍል ግን የታመመን ሰው ተራ መውሰድ ነው። እኔ አልመክርም።

ነዋሪውን መሰብሰብ

ኮሚዩኒቲ ስኮርካርድ የሚባለው ከሌሎቹ ይለያል። አንድ ታካሚ ዛሬ ምን እንደገጠመው አይጠይቅም። የአካባቢው ሰው በቡድን ተቀምጦ ለጤና ጣቢያው ነጥብ ይሰጣል። የሚታዩት ነገሮች የታወቁ ናቸው። የባለሙያው ርኅራኄና አክብሮት፣ የጥበቃ ጊዜ፣ የመድኃኒትና የምርመራ መኖር፣ የሕንፃውና የውኃ የመብራቱ ነገር፣ አምቡላንስ፣ ንጽሕና። በጤናው ዘርፍ የትራንስፎርሜሽን ዕቅድ ዘመን፣ “ሩኅሩኅ፣ አክባሪና ተንከባካቢ ባለሙያ” የሚለው መፈክር በየግድግዳው ሲለጠፍ ነው ይኼም የተስፋፋው።

ጥንካሬው ነጥቡ ላይ አይደለም። ከነጥቡ በኋላ ነዋሪውና የጤና ጣቢያው ሠራተኞች ፊት ለፊት ይቀመጣሉ። “ውኃ የለም” ይባላል፤ “በጀቱ ወረዳው ጋ ነው” ይባላል፤ የወረዳው ሰው እዚያው አለ። በመጠይቅ ይህን አታገኙም። ድካሙ ደግሞ የስብሰባ ድካም ነው። መጀመሪያ የሚናገረው ሽማግሌው ነው። ከዚያ ቀጥሎ ያለው ሰው ከሽማግሌው ነጥብ ብዙም አይርቅም። የወለደችው ወጣት ሴት ዝም ብላ ትወጣለች። ሴቶችን ለብቻ፣ ወጣቶችን ለብቻ ካላስቀመጣችሁ የምታገኙት የአንድ ሰው ድምፅ ነው።

ስለዚህ ለውኃ፣ ለአምቡላንስና ለመንገድ ጉዳይ ስኮርካርድ። ሐኪሙ ታካሚውን አዳምጦታል ወይ ለሚለው ቃለ መጠይቅ።

የማንን መጠይቅ?

ተማሪዎች እዚህ ላይ ብዙ ይለፋሉ። ከኢንተርኔት አንድ የፈረንጅ መጠይቅ ያወርዳሉ፤ አማካሪው “ቫሊዴትድ (ትክክል መለካቱ የተፈተነ) ነው?” ይላል፤ “አዎ” ይላሉ። የት ነው የተፈተነው? ያ ጥያቄ አይነሳም።

ሰርቭኳል የሚባለው የአገልግሎት ጥራት መለኪያ መጠይቅ በጣም የታወቀው ነው። ፓራሱራማን፣ ዛይታምልና ቤሪ እ.ኤ.አ. በ1988 ያወጡት ነው። 22 ነጥቦች አሉት፤ እነሱም በአምስት ዘርፍ ይመደባሉ፦ የሚታዩ ነገሮች፣ ታማኝነት፣ ፈጣን ምላሽ፣ መተማመኛና ለሰው ማሰብ። ታካሚው መጀመሪያ የሚጠብቀውን፣ ቀጥሎ ያገኘውን ይናገራል፤ ልዩነቱ ይሰላል። 22 ሲባል እንግዲህ በተግባር 44 ጥያቄ ነው። ከጠዋት ጀምሮ ምግብ ያልቀመሰን ሰው 44 ጥያቄ መጠየቅ ግፍ ነው። ከዚያ የባሰው ግን ስሌቱ ነው። ምንም ያልጠበቀ ሰው ምንም ባያገኝ እንኳ ልዩነቱ ዜሮ ይሆናል። ተቋሙም ጎበዝ ይባላል። መጠይቁ መጀመሪያ የተሠራው እንደ ባንክ፣ ክሬዲት ካርድና የዕቃ ጥገና ያሉ፣ ደንበኛው አማርጦ የሚሄድባቸውን አገልግሎቶች ታስቦ ነው። ለግል ክሊኒክ ይሆን ይሆናል። ለመንግሥት ተመላላሽ ክፍል አልመርጠውም።

ፒኤስኪው 18 የሚባለው ባለ 18 ጥያቄ የታካሚ እርካታ መጠይቅ ይሻላል። ማርሻልና ሄይስ እ.ኤ.አ. በ1994 ከረጅሙ መጠይቅ ያሳጠሩት ነው። ስለ ሕክምና ብቃት፣ ስለ አቀራረብ፣ ስለ መግባባት፣ ስለ ገንዘብ፣ ከሐኪም ጋር ስለሚያሳልፉት ጊዜ፣ ስለ መድረስና መመቸት፣ ስለ አጠቃላይ እርካታ ይጠይቃል። አጭር ነው። አንድ እንከን ግን አለው። ዓረፍተ ነገሮቹ ግማሹ በአዎንታ ግማሹ በአሉታ የተጻፉ ናቸው። ወረቀት ይዞ ለሚያነብ ሰው ችግር የለውም። በቃል ሲነበብ ግን ሰው ይጠፋበታል። “ሐኪሙ ጊዜ አልሰጠኝም በሚለው አይስማሙም?” ስትሏቸው “አዎ” ይላሉ። አዎ ምን? ሰጥቷቸዋል ወይስ አልሰጣቸውም? ከተጠቀማችሁበት ስትተረጉሙ ይህን በደንብ ፈትሹት።

ኦ-ፓክ የሚባለው የተመላላሽ ታካሚ መጠይቅ ደግሞ እዚሁ ኢትዮጵያ፣ በኛው ሆስፒታሎች ተፈትኖ እ.ኤ.አ. በ2011 የወጣ ነው። ለተኝቶ ታካሚ ወንድሙ አለ። ጤና ሚኒስቴር የሆስፒታሎችን አፈጻጸም ሲከታተል የታካሚ እርካታን የለካበት እሱ ነው። አጭር ነው፤ የሚጠይቀውም ነርሱና ሐኪሙ እንዴት እንዳስተናገዱት፣ ምን እንደነገሩት፣ ንጽሕናው እንዴት እንደነበር ነው። የጅማ ሆስፒታል ውስጥ ከሆናችሁ ከዚህ ጀምሩ። ካለፈው ሪፖርታችሁ ጋር ማወዳደር ትችላላችሁ፤ ከሌላ ሆስፒታልም ጋር።

ራሳችሁ መጻፍ? ለጤና ጣቢያ የሥራ ጉዳይ ከሆነ አዎ፣ በድፍረት። አሥር ጥያቄ ይበቃል። ለመመረቂያ ከሆነ ግን የተፈተነ መጠይቅ ወስዳችሁ የራሳችሁን ሁለት ሦስት ጥያቄ ከኋላ ጨምሩበት።

የምትጨምሩት ነገር ከጠፋችሁ እኔ አንዱን ልንገራችሁ። የጤና መድን። ታካሚው የማኅበረሰብ ጤና መድን አባል ነው ወይስ ከኪሱ ከፋይ? ጅማ ዞን ለዚህ ነገር አዲስ አይደለም፤ እ.ኤ.አ. በ2011 መድኑ በሙከራ ሲጀመር ከተመረጡት 13 ወረዳዎች አንዱ ሊሙ ኮሳ ነበር። አባል የሆነ ሰው መዋጮውን ከፍሎ መድኃኒት ከውጭ ግዛ ሲባል ሁለቴ የከፈለ ያህል ያንገበግበዋል። የሁለቱን መልስ አንድ ላይ ከደመራችሁት ይህ ይጠፋባችኋል።

ስለ ጥበቃ ጊዜ ደግሞ ታካሚውን አትጠይቁት፤ ለኩት። ካርድ ሲያወጣ ሰዓት የተጻፈበት ትንሽ ወረቀት ስጡት፤ ሐኪሙ ጋ ሲገባ ይጻፍበት፤ ፋርማሲው ላይ ይጻፍበት። ስትወስዱት የቱ ጋ እንደታነቀ በግልጽ ይታያል። አንዱን ሰዓት በሐበሻ፣ ሌላውን በፈረንጅ እንዳትጽፉ ብቻ። ታብሌት ላይ ኮቦ በሚባለው የመረጃ መሰብሰቢያ መተግበሪያ የምትሰበስቡ ከሆነ ጠያቂዎቹን በዚህ ላይ አሰልጥኗቸው። አለዚያ ስድስት ሰዓት የጠበቀ ታካሚ በብዛት ታገኛላችሁ።

ስንት ሰው፣ በየትኛው ቀን?

384። ይህችን ቁጥር የማያውቅ የጤና ተማሪ የለም። ግማሹ ረክቷል ተብሎ ታስቦ፣ በ95 በመቶ መተማመኛ፣ ከአምስት በመቶ ባልበለጠ ስህተት የሚወጣ ነው። ለማይመልሱት አሥር በመቶ ሲጨመር 422 ወይም 423 ይሆናል። የወር ታካሚያችሁ 1,500 ከሆነ ለትንሽ ሕዝብ የሚደረገው ማስተካከያ 384ን ወደ 306 ያወርደዋል። ለመመረቂያ ይህን ተከተሉ።

ለሥራ ግን 384 አያስፈልግም። ወደ 100 ሰው ብትጠይቁ ስህተቱ ወደ አሥር በመቶ ነው። የታዘዘላቸውን መድኃኒት ሁሉ ያገኙት 40 በመቶ ናቸው ከተባለ፣ እውነቱ 32ም ይሁን 48፣ የምትወስዱት እርምጃ ያው ነው። በዓመት አንዴ 400 ሰው ከመጠየቅ በየሩብ ዓመቱ 100 መጠየቅ ይሻላል። በ100 ሰው ግን 60 የነበረው 65 ሆነ ብላችሁ ኬክ አትቁረሱ። ያ ለውጥ አይደለም።

ከቁጥሩ ይልቅ ውጤቱን የሚያዛቡት ቀኑና ሰዓቱ ናቸው። ሐሙስ የጅማ ትልቁ ገበያ ነው። ከገጠር የሚመጣው ሰው ገበያውንና ሕክምናውን አንድ ላይ ይጨርሳል። ሐሙስን ብቻ ከያዛችሁ ገጠሩ ይበዛል፣ ወረፋው ይረዝማል። ሐሙስን ከተዋችሁት ደግሞ የከተማ ሰው ጥናት ሆነ። ሁሉንም የሥራ ቀን ያዙ፤ ጠዋትም ከሰዓትም። በቀን 120 ታካሚ ካለና አሥር ከፈለጋችሁ በየ12ኛው ሰው አስቁሙ። ጠያቂው ፊቱ የፈካውን እየመረጠ እንዳያስቆም ነው።

ሕፃናት ክፍል ከሆነ የምትጠይቁት ወላጁን ነው። ለብቻው መዝግቡት።

ፐርሰንቱን ስታወጡ

ብዙ ጥናት የሚበላሸው እዚህ ነው፤ ያውም በደንብ ከተሰበሰበ በኋላ። የተለመደው አሠራር ይህ ነው። የሁሉም ታካሚ ነጥብ ይደመራል፣ አማካዩ ይወጣል፣ ከአማካይ በላይ ያመጣው “ረክቷል”፣ በታች ያመጣው “አልረካም” ይባላል። እስቲ አስቡት። ከአማካይ በላይ ብዙውን ጊዜ ግማሽ ገደማ ሰው አለ! አንድ ክሊኒክ ታካሚዎቹ ሁሉ አራትና አምስት ሰጡት እንበል። ሌላው ላይ ሁሉም ሁለትና ሦስት ሰጡ። በዚህ ስሌት ሁለቱም “52 በመቶ እርካታ” ሊወጣላቸው ይችላል። ከዚያ ውይይቱ ላይ “ውጤታችን እገሌ ከተማ ከተሠራው ጋር ተቀራራቢ ነው” ተብሎ ይጻፋል። መቀራረቡ የስሌቱ ነው።

በዚህ ፈንታ መቁረጫውን አስቀድማችሁ በቃል ወስኑ። ከአምስት አራትና ከዚያ በላይ የሰጠ ረክቷል በሉ፤ ከመሰብሰባችሁ በፊት ጻፉት። ከሁሉ የሚሻለው ደግሞ አንድ ድምር ቁጥር አለማውጣት ነው። ጥያቄ በጥያቄ አሳዩ። “ምን እንደታመመ የተነገረው ይህን ያህል፣ መድኃኒቱን ሁሉ ያገኘው ይህን ያህል፣ ለብቻው የተመረመረው ይህን ያህል።” የጤና ጣቢያው ኃላፊ “78 በመቶ ረክቷል” ሲባል ምን ያድርግ? “ከአሥሩ አራቱ መድኃኒቱን እንዴት እንደሚወስዱ ሳያውቁ ወጥተዋል” ሲባል ግን ፋርማሲውን ይጠራል።

ለግል ክሊኒክ

የግል ክሊኒክ ባለቤቶችን ለብቻ ያስቀመጥኩት ጥያቄያቸው ስለሚለይ ነው። የእናንተ ታካሚ ካልተመቸው ባጃጅ ይዞ ሁለት መንደር አልፎ ሌላ ክሊኒክ ይገባል። ስለዚህ በር ላይ የመጣውን መጠየቅ ብዙም አይጠቅማችሁም። የመጣው ወድዶ ነው የመጣው። ካርድ ክፍላችሁ ገብታችሁ ቀጠሮ ይዘው ያልተመለሱትን አውጡ። በየወሩ ከነሱ ጥቂቱን ደውሉ፤ መቼም ስትቀበሏቸው ለመደወል አስፈቅዳችኋል። አንድ ጥያቄ ብቻ ጠይቁ፤ “ቀጠሮዎ ላይ ሳይመጡ ቀሩ፣ ምን አጋጠመዎት?” መልሱን እንዳለ ጻፉት እንጂ አስቀድሞ በተዘጋጀ ምድብ አትከፋፍሉት። አንዳንዱ “ተሻለኝ” ይላችኋል። አንዳንዱ ዋጋው ከብዶት ነው። አንዳንዱ ደግሞ የሐኪሙን ወይም የካርድ ክፍሏን ልጅ ነገር ያነሳል። እሱን ሲያነሳ አትከራከሩ፤ ለማስረዳትም አትሞክሩ። የደወላችሁት ለመስማት ነው። የሚደውለው ሰውም ሐኪሙ ራሱ አይሁን።